ድምጿ የማይሰማ ልጅ

ሰርኬ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሸሕዲ ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ ሱቅ አላት። ማጭድ፣ ጀሪካን፣ ሸበጥና የጆንያ መስፊያ ሲባጎ ትሸጣለች። ሰሊጥ ሲደርስ ሳሉጎቹ፣ ከደጋ ለአጨዳ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ከአውቶቡስ ወርደው መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ እሷ ነው።

“እትዬ፣ ትንሽ ቀንሺልን እንጂ!”

“ከዚህ በታች ከቀነስኩማ ማጭዱን ይዤ አብሬያችሁ መውረዴ ነው!” ትላቸዋለች። ይስቃሉ፤ ይገዛሉም። አፏ ስል ነው፤ የሱቁ ገበያ የቆመውም በዚያ አፍ ነው።

ልጇን ማስተዋልን ግን እንዲህ አላሳደገቻትም። ማስተዋል በልጅነቷ እንግዳ ፊት “ይሄ ምንድን ነው?” ብላ ከጠየቀች ጭኗን ትቆነጠጥ ነበር። ክፍል ውስጥ እጇን እያወጣች መምህሩን ደጋግማ መጠየቋ የተሰማ ቀን፣ “ዐይን አውጣ እንዲሉሽ ነው?” ተባለች። ሸሕዲ የመንገድ ዳር ከተማ ናት፤ ሾፌሩም፣ ደላላውም፣ ሳሉጉም ያድርባታል። እዚህ ስሟ በመጥፎ የተነሳ ሴት ልጅ ስሟን ማስመለስ አይሆንላትም። ሰርኬ ፈርታ ነበር፤ ፍርሃቷን ግን ጨዋነት አለችው። ለጎረቤቷ ለውባንች፣ “የእኔ ልጅ እኮ ቤት ውስጥ መኖሯም አይታወቅ፤ ድምጿ አይሰማም” እያለች ስትኮራ ኖረች። አሁንም ታናሿን ሠላማዊትን በዚያው መንገድ ጀምራታለች።

ማስተዋል ጎንደር ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራ ተመረቀችና ሥራ አጥታ ቤት ተቀመጠች። ኢንተርንሽፕ የሚባል የሥራ ልምምድ ፕሮግራም መኖሩን የነገረቻት የክፍል ጓደኛዋ ከውሰር ናት። ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም አይቶ የሚያርማቸውና የሚጨምርባቸው ሶፍትዌሮች አሉ። ከሚሠሩባቸው ሰዎች መካከል ሴቶች በጣም ጥቂት ስለሆኑ፣ ፕሮግራሙ ሴቶችን እየመለመለ፣ አማካሪ እየመደበ፣ ባሉበት ሆነው ለሦስት ወር እየተከፈላቸው እንዲለማመዱ ያደርጋል። ሁለቱም አመለከቱ። ለመግቢያ የተሰጣቸውን ሥራ ሠርተው ሁለቱም ተቀባይነት አገኙ፤ የተመደቡት ግን በተለያየ ሶፍትዌር ላይ ነበር።

ሰርኬ ስትሰማ እልል ማለት ነበር የቀራት። “ቤቷ ቁጭ ብላ፣ ማንም ሳያያት! ለእሷ የተፈጠረ ሥራ!”

የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። ያ ሥራ ሰው ፊት የሚሠራ ነው። የተጀመረው፣ የተበላሸው፣ ያልገባው ነገር ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ባለ የጋራ ገጽ ይጻፋል፤ የሚያውቀውም የማያውቀውም ያነበዋል። የማይጽፍ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል።

ማስተዋል ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ላፕቶፗ ላይ አቀርቅራ መዋል ጀመረች። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል። መብራቱ ሲመጣ ትሠራለች፤ ሲሄድ ባትሪው እስኪያልቅ ትሠራለች።

“እንዴት ነው ሥራው?”

“ደህና ነው፣ እማ።”

አማካሪዋም “የከበደሽ ነገር ካለ በጋራ ገጹ ላይ ጻፊልን” ስትላት የምትመልሰው ይህንኑ ነበር። ደህና ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት የማስተዋል ስልክ ጮኸ። ማስተዋል ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ስለነበር ሰርኬ አነሳችው።

“እትዬ ሰርኬ፣ እንዴት ዋሉ? ከውሰር ነኝ፣ ከመተማ ዮሐንስ። ማስቲን ባገኛት ብዬ ነበር።”

ሰርኬ ይህችን ልጅ አትወዳትም። ድንበር ላይ ከሱዳን ነጋዴዎች ጋር በዐረብኛ ተከራክራ የምታሸንፍ ናት ሲሉ ሰምታለች። ልጇም እንዳትቀርባት ነግራታለች።

“ሥራ ላይ ናት።”

“ጠፋችብኝ እኮ። የጋራ ገጻቸውን ገብቼ አየሁት፤ አንድም ቃል አልጻፈችም። ተቸግራ እንዳይሆን ብዬ ነው።”

“የእኔ ልጅ እንዳንቺ አትለፈልፍም። ስትጨርስ ታሳያቸዋለች።”

“ኧረ እትዬ፣ ይሄ ሥራ እንደሱ አይሆንም! እየጠየቁ ነው የሚሠራ። እኔማ ‘ዛሬስ ምን መጣሽብን’ እስኪሉኝ ነው የምጠይቃቸው።”

“እንግዲያው አንቺ ጠይቂ” አለችና ዘጋችው። ማስተዋል ስትመለስም አልነገረቻትም። ልጇን ከመጥፎ ነገር የጠበቀች መስሏት ነበር።

ፕሮግራሙ እኩሌታው ላይ ሲደርስ የተለማማጆቹ ሥራ ተመዘነ። ማስተዋል እናቷ ማጭድ እያሰረች ወዳለችበት መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

“አቋረጡኝ፣ እማ።”

“ምን አጥፍተሽ?”

“ምንም። ምንም አልሠራሁም።”

ከውሰር ወሬውን ሰማች፤ ተዘግቶ የሰነበተው የመተማ መንገድ ሲከፈትም በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች። የእሷ ሥራ ሊጠናቀቅ ተቃርቧል። እጇን እንኳ ሳትታጠብ፣ “አምጪው እስቲ፣ ምን እንደሆነ አሳዪኝ” አለች። ማስተዋል ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ ከፈተችው። ሶፍትዌሩ ገና ሲነሳ ይቆምና ቀይ ጽሑፍ ያወጣል። ያ ሁሉ ጊዜ ያለፈው እዚያ ላይ ነው።

ከውሰር ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

“ማስቲ፣ አንቺ አይደለሽም እኮ። ሶፍትዌሩን ማስነሻ መመሪያቸው ነው ያረጀው፤ ማንም አዲስ ሰው ቢሞክረው ይቆምበታል። የእኔም እንዲሁ ነበር። ‘ይሄ ነገር እምቢ አለኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው የእናንተ?’ አልኳቸው። አመሰገኑኝና መመሪያውን አንቺው አስተካክዪው አሉኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ እሱ ነበር።”

እየተናገረች ጥቂት ነገር ጻፈች። ሶፍትዌሩ ተነሳ።

ሰርኬ ሲባጎ በእጇ እንደያዘች ቀረች። “ይህችው ናት? ታዲያ ለምን አልጠየቅሻቸውም፣ ልጄ?”

“ጽፌው ነበር፣ እማ። በየቀኑ እጽፈዋለሁ፤ መልሼ አጠፋዋለሁ። ያን ሁሉ የማላውቀው ሰው ያነበዋል። ‘ይቺ ይህንንም አታውቅ?’ የሚሉኝ መሰለኝ።”

“ማን ነው እንዲህ የሚልሽ?”

ማስተዋል ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

“ደውዬ ነበር እኮ” አለች ከውሰር፣ ምን እየተናገረች እንደሆነ ሳታውቅ። “እትዬ አልነገሩሽም?”

ሳሉጎቹን ሁሉ በአፏ የምትረታው ሰርኬ ጎንበስ ብላ የታሰረውን ማጭድ እንደገና ማሰር ጀመረች።

ፕሮግራሙ አንዴ ያቋረጠውን ተለማማጅ መልሶ አይቀበልም። ከውሰር ግን ከመሄዷ በፊት፣ “ኮዱ እንደሆነ ክፍት ነው፤ ማንንም ሳታስፈቅጂ መመሪያውን አስተካክለሽ ላኪላቸው” አለቻት። ማስተዋል እሺ አለች። አልላከችም።

ሴቶችን የሚጠራ ፕሮግራም መምጣቱ ደግ ነገር ነው። ግን እኛ ሃያ ዓመት ሙሉ የዘጋነውን አፍ የሦስት ወር ልምምድ አይከፍተውም። የተጠራችው ልጅ “አላወቅሁም” ማለትን እንደ ነውር የምታይ ከሆነ ከእናቷ ደጅ ሳትወጣ ተሸንፋለች። ዝምታዋ ከክፉ ሰው እንኳ አያድናትም፤ ክፉ ሲገጥማትም የምትለው “ደህና ነው” ነው። ይህን ጨዋነት የምንለው እኛ ነን፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን እሷ ናት።

በአጨዳው ማብቂያ አቶ ባንተአምላክ፣ ኮኪት አጠገብ ሰሊጥ የሚያርሱት የጎንደሩ ባለሀብት፣ የጆንያ መስፊያ ሲባጎ ሊገዙ መጡ። ሠላማዊት ባንኮኒው ሥር ተቀምጣ ነበር።

“ጋሼ፣ ሰሊጡን ለምንድን ነው ሳይደርቅ የሚያጭዱት?”

ጥያቄው እንዳመለጣት ጭኗን በእጇ ሸፈነች። ሰርኬ አየቻት። እጇን ለመቆንጠጥ አላነሳችም።

“ይመልሱላት እንጂ፣ አቶ ባንተአምላክ። ልጅቱ ጠይቃዎታለች።”

ሰውየው ፈገግ አሉ። “እንደቆመ ከደረቀ ይፈነዳል፣ የኔ ልጅ። ፍሬው መሬት ላይ ይፈስና ማንም አይለቅመው።”

ማስተዋል ከኋላ ሸበጥ ትደረድራለች። ሰርኬ ወደ እሷ ዞረች፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“አንቺስ፣ ልጄ? የምትጠይቂኝ፣ የከበደሽ ነገር የለም?”

“የለም፣ እማ” አለች ማስተዋል፣ ከሸበጡ ቀና ሳትል። “ደህና ነው።”