ከበሩ ጀርባ የተሰማው ኡድ

የሐርጌሳ ፖሊስ ኢንስፔክተር ሂባቅ ቅዳሜ ጠዋት የተጠራችው ገዳይ እንድትፈልግ አልነበረም። ገዳይዋ ተይዛለች ተብሏል። ሂባቅ ድሬዳዋ ስላደገችና አማርኛ ስለምትችል፣ የታሰረችውን ሴት ቃል ወደ ሶማልኛ እንድትመልስ ብቻ ነበር የተፈለገችው።

«አሥር ደቂቃ አይፈጅብሽም» አላት ሳጅን ሻኪር። «ሰውየው ክፍሉን ዘግቶ የኡዱን ክር ይመታ ነበር። እንግዶቹ ግቢ ተቀምጠው ይሰሙታል። ኡዱ ቆመ። ሴትዮዋ ሻይ ይዛ ገባች፣ ጮኸች። ተከትለዋት ሲገቡ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቷል። ሌላ የገባ ሰው የለም። ምን ቀረ?»

«አንተ ነህ የቀረኸው» አለች ሂባቅ። «ነገር ሲቀልህ እፈራለሁ።»

ሀሲና የጣቢያው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ የቀረውን ቦታ ለሌላ ሰው የምታስቀምጥ ይመስል። ከኮምቦልቻ የመጣች፣ ሼክ ኑር ሰፈር የምትኖር፣ በየሰው ቤት ልብስ የምታጥብ ሴት ናት። የመኖሪያ ወረቀት የላትም። ትናንት ከሰዓት የዘጠኝ ወር ልጇን ለጎረቤት ሰጥታ ወጣች፤ እስካሁን አልተመለሰችም።

«እትዬ፣ ልጄ ገና ጡት ነው የምትጠባው» አለች፣ አማርኛ ስትሰማ። «እኔ እዚህ ከቀረሁ የሚያነሳት ዘመድ የላትም።»

«እንግዲያው ሳትዘዪ ንገሪኝ። ትናንት ምን ሆነ?»

«አርብ አርብ ሟቹ ሙሰዓብ ቤት ሻይ አፈላለሁ። ሰዎች መጥተው ኡዱን ይሰማሉ። እሱ መጀመሪያ ብቻውን ክፍሉ ገብቶ ጣቱን ያፍታታል፤ በሩ ከተዘጋ ማንም አያንኳኳም። ትናንት እትዬ ቢታንያ ቀድመው መጡ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ‹ወተት አልቋል፣ ግዢ› አሉኝ። አላለቀም ነበር። ከእንግዳ ጋር ክርክር አይገባም ብዬ ገበያ ድረስ ሄድኩ። ስመለስ ሌሎቹ እንግዶች፣ አቶ ኬብሮንና ጋሽ ፈርሐን፣ መንገድ ላይ አግኝተው በመኪና ጫኑኝ። በሩን እትዬ ቢታንያ ከፈቱልን። ኡዱ ይሰማ ነበር።»

«ወተት ልትገዢ ስትወጪ ሙሰዓብ እንዴት ነበር?»

«ደስ ብሎት ነበር። ‹ዛሬ ስሜን እነግራቸዋለሁ› አለኝ። ‹ስምህን መች አጡት?› ስለው ሳቀብኝ።»

ሻኪር ምን አለች በሚል ዓይን ወደ ሂባቅ ተመለከተ። ሂባቅ አልተረጎመችለትም።

«ተነስ፣ ቤቱን አሳየኝ» አለችው።

ሙሰዓብ ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ አንዲት ክፍልና አንድ ጠባብ ግቢ ተከራይቶ ይኖር ነበር። የሐረር ልጅ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ሞባይል ይጠግናል፣ በሰባተኛው ኡድ ይጫወታል። ስልካቸውን ያበጀላቸው መቶዎች ናቸው፤ ሙዚቃውን የሚሰሙት ግን ከአምስት አይበልጡም ነበር። እነዚያ ጥቂቶቹ ደግሞ እንዲህ ያለ ሙዚቃ አፍቃሪዎች እንደሚሆኑት ሆኑ፤ መስማታቸው ብቻ ሳይሆን ሌላው አለመስማቱም ያኮራቸዋል።

ሬሳው በሌሊት ተመርምሮ ጠዋት ተቀብሯል። ሐኪሙ አንዴ፣ ከኋላ፣ በከባድ ብረት ተመትቷል ብሎ ጽፏል፤ ሰዓቱን ግን ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ከማለት ሌላ አልደፈረም። ብረቱ ወለሉ ላይ የተገኘው የማይክራፎን ማቆሚያ ነው። ግድግዳው በካሴት ተሞልቷል። ጥጉ ላይ አሮጌ ቴፕ ከአምፕሊፋየር ጋር ተያይዟል፤ ሙሰዓብ የኡዱንም ድምፅ የሚያወጣው በዚያው አምፕሊፋየር ነበር። ኡዱ ከሬሳው ጭን ተነስቶ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል።

ሂባቅ በጣቷ አንዱን ክር ነካችው። ድምፁ እንደ ላላ ገመድ ነበር። ሌላውን ነካች፤ እሱም ላልቷል። ሁሉም ላልተዋል።

«ሲወድቅ ይሆናል» አለ ሻኪር።

«አልወደቀም ብለሃል። አቅፎት ነበር ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ።»

ፈርሐን ግቢው ውስጥ ቆሞ ጠበቃት። የሐርጌሳ ሰው ነው፤ ጸጉሩ የሸበተ፣ እሱም ኡድ ተጫዋች። አማርኛውን ጅግጅጋ በስደት ዘመን ተምሮታል።

«ክሮቹ ለምን ላሉ?» አለችው።

«እሱ ነው የሚያላላቸው። ተጫውቶ ሲጨርስ ያላላቸዋል፣ አርብ ሊጫወት ሲል መልሶ ይቃኛል። ‹እንጨቱም ይረፍ› ይላል። እኛ እንስቅበት ነበር።»

«ትናንት ስትሰሙት እንዴት ነበር?»

ፈርሐን ፊቱን አዞረ። «ሟች አይታማም።»

«እኔ ለማማት አይደለም የመጣሁት።»

«ወላሂ፣ ተናድጄበት ነበር። ፀሐይ ገብታ ለሰላት የሚጠራው የመግሪብ አዛን ወጣ፣ እሱ አላቆመም። ሦስት ዓመት አብረን ተቀምጠናል፤ አዛን ሲጀምር እጁ ከክሩ ላይ ይነሳል። ዜማው መሀል ላይ ቢሆን እንኳ። ትናንት ግን መታ፣ መታ። እኔና ሀሲና ግቢው ላይ ስንሰግድ እንኳ አልተወም። ተነስቼ ልገባ ስል ቢታንያ ‹ሄድፎን አድርጎ እየቀዳ ነው፣ አይሰማም› አለችኝ። ተውኩት። ከዚያ ቆመ፣ ሀሲና ሻይ ይዛ ገብታ ጮኸች፣ ቢታንያ ከእኛ ቀድማ ሮጣ ገባች፣ ሰውየው ሞቶ ነበር። በሞተ ሰው ተቆጥቼ ነው የሰገድኩት። ያ ነው የሚያቃጥለኝ።»

ኬብሮን የአየር መንገድ ሠራተኛ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ስለ ሙዚቃ ሲጠየቅ ስለ ግድያ እየተጠየቀ መሆኑን የሚረሳ ዓይነት።

«አሥራ አንድ ሰዓት ነበር ቀጠሮው» አለ። «በረራ ዘገየብኝ፤ ጋሽ ፈርሐንንም አስጠበቅኩት። አሥራ አንድ ከአርባ አምስት ደረስን። ግን ኢንስፔክተር፣ እንዴት ያለ ጨዋታ ነበር መሰለዎት። ያንን የጠፋውን ባለሙያ ዜማ ነው የተጫወተው። ልክ እንደ አልበሙ።»

«የቱ ባለሙያ?»

«አልሰሙም?» አለ፣ እንደ ማዘንም እንደ መደሰትም ብሎት። «‹የአፈር ካሴት› የሚባለው አልበም። ቢታንያ ናት ያወጣችው፤ በእርዳታ ድርጅት ትሠራለች፣ በጎን ደግሞ ብቻዋን የምታስተዳድረው የሙዚቃ ገጽ አላት። በሐርጌሳው ጦርነት ጊዜ የተቀበረ ካሴት አገኘች፤ ተጫዋቹ ስሙ የማይታወቅ፣ የሞተ ሰው ነው። በስንት አገር ያሉ ሰዎች እየተቀባበሉ ይሰሙታል። በሚመጣው ወር ስለ ግኝቷ እንድትናገር አውሮፓ ተጋብዛለች። ባለፈው አርብ ለሙሰዓብ ከፍቼ አሰማሁት።»

«ምን አለ?»

«ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ። የሚወድ ሰው ዝም ይላል ብዬ ነው።»

«ሄድፎን ነበረው?»

«የለውም። ስንቀዳ የእኔን ነው የሚያደርገው። ትናንት የመቅጃው ዕቃ በሙሉ ከመኪናዬ አልወረደም።»

«ትናንት የሰማኸውን አልቀዳህም?»

«በስልኬ ትንሽ ቀድቻለሁ» አለና አፈረ። «በር ዘግቶም ቢሆን ሲጫወት አላስችል ይለኛል።»

ሂባቅ ስልኩን ተቀበለችው።

ቢታንያን ያነጋገረቻት በእርዳታ ድርጅቷ ቢሮ ነው። ንጹህ ጠረጴዛ፣ ንጹህ ሐዘን። ዓይኗ ትንሽ ቀልቷል፣ ቃሏ ግን አልተደነቃቀፈም።

«እርስዎ ቀድመው መጡ?»

«ሰዓት አክባሪ ነኝ። ስደርስ ሙሰዓብ መጫወት ጀምሮ ነበር።»

«ሀሲናን ወተት ልከዋታል።»

«አልቆ ነበር።»

«ሄድፎን አድርጓል ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«ከመጀመሩ በፊት እሱ ነግሮኝ ነው።» ሂባቅ ሁለቱ መልሶች አለመግጠማቸውን በልቧ ያዘች። ቢታንያ ትንሽ ፈገግ አለች። «ኢንስፔክተር፣ ያቺን ሴትዮ አልጠላትም። ችግር ሰውን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው። ግን ከእሷ ሌላ ማንም አልገባም።»

«ሁሉም እንደዚያው ይላል» አለች ሂባቅ። «ሁሉም አንድ ዓይነት ሲናገር የሚያደንቅ አለ። እኔ ማን ቀድሞ እንደተናገረው ነው የምጠይቀው።»

ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል፣ ሦስቱንም ሙሰዓብ ግቢ ሰበሰበቻቸው። ሀሲናንም ከጣቢያ አስመጣች። ሻኪር አልነበረም፤ ሂባቅ ሥራ ሰጥታው ሄዷል። ለፈርሐን የራሱን ኡድ ይዞ እንዲመጣ ነግራው ነበር።

«ተጫወትልን» አለችው።

«ሐዘኑ ባልቀዘቀዘበት ቤት?»

«እሱው ይፈቅድልሃል።»

ፈርሐን ቃኘና ጀመረ። አምስት ደቂቃ ያህል ተጫወተ። ኬብሮን ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ከጎረቤቱ መስጊድ የከሰዓት በኋላው፣ የዐስር ሰላት አዛን ወጣ፤ የፈርሐን እጅ ግማሽ ላይ ከክሩ ተነሳ። ራሱም ያወቀው ከተነሳ በኋላ ነው። ሂባቅ አዛኑ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ትናንት ያላያችሁት ይኸን ነው» አለች ሂባቅ። «ሦስት ዓመት ሙሉ የሙሰዓብ እጅ እንዲሁ ሲነሳ አይታችኋል። ትናንት አልተነሳም። ጋሽ ፈርሐን በሙሰዓብ ተናደደ። እኔ ግን ሙሰዓብ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አዛን ሰምቶ የማያቆም ምን ዓይነት ተጫዋች ነው?»

«የማይሰማ» አለ ኬብሮን ቀስ ብሎ። «ሄድፎን ያደረገ።»

«ሄድፎኑ ያንተ መኪና ውስጥ ነበር። ስለዚህ የማይሰማ ሌላ ነገር እንፈልግ። ካሴት አይሰማም።»

ሀሲና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ኡዱን ነካሁት» ቀጠለች ሂባቅ። «ሁሉም ክር ላልቷል። ሙሰዓብ የሚቃኘው ሊጫወት ሲል ነው። ይኸ ኡድ ትናንት አልተቃኘም። ያልተቃኘ ኡድ ደግሞ ያንን ዜማ አያወጣም። እናንተ በር ጀርባ ስትሰሙ ሙሰዓብ ሞቶ ነበር፤ ቴፑ ነው የተጫወተላችሁ፣ በምታውቁት አምፕሊፋየር። ኡዱን ጭኑ ላይ ያስቀመጠው ሌላ እጅ ነው።»

«ይኸ ግምት ነው» አለች ቢታንያ።

«ግምት ከሆነ እንስማው።»

ሂባቅ የኬብሮንን ስልክ አወጣች። የትናንቱ ኡድ ተሰማ፣ ከላዩ ላይ የመግሪብ አዛን፣ ከአዛኑ ሥር ደግሞ አንዲት «ጠቅ» የምትል ድምፅ፤ መምቻው ክሩን ስቶ እንጨቱን ሲነካ። ከዚያ አልበሙን ከፈተች። ያው ዜማ፣ ያችው ቦታ፣ ያችው «ጠቅ»።

ኬብሮን ስልኩ ላይ አጎነበሰ። «ያቺን ስህተት እወዳታለሁ» አለ። «ስንቴ ሰምቻታለሁ።»

«ጋሽ ፈርሐን፣ ሰው ሁለት ቀን፣ አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ዓይነት ይሳሳታል?»

«ሙሰዓብ አንድን ዜማ ሁለቴ አንድ ዓይነት ተጫውቶ አያውቅም» አለ ፈርሐን። «ስህተቱማ ይቅር።»

«እንግዲያው አልበሙ ላይ ያለው የሞተ ባለሙያ ማን እንደሆነ አወቅን። ሞባይል ጠጋኙ ነው። ኬብሮን ባለፈው አርብ ሲያሰማው የሳቀው ለዚያ ነው። ትናንት ሊናገር ነበር፤ ለሀሲና ‹ስሜን እነግራቸዋለሁ› ብሏታል። ይኸ ሲነገር ከእናንተ የማን ስም ይጠፋል?»

 ሁሉም ወደ ቢታንያ ዞሩ።

«አንቺ» አለች ሂባቅ፤ እርስዎነቱ በዚያ አበቃ። «ሊናገር መሆኑን ቀድሞ ሳይነግርሽ አይቀርም፤ ካሴቱን ይዘሽ መጣሽ። ሀሲናን ላላለቀ ወተት ላክሻት። ከኋላው መታሽው። እንግዶቹ አሥራ አንድ ሰዓት ቢመጡ ካሴቱ ከመግሪብ በፊት ያልቅ ነበር፤ አዛን እንደሚያጋልጥሽ ታውቂያለሽ። አውሮፕላኑ ዘገየ። የሚሰማ ምስክር ሳይኖር ቴፑን ማስጀመር አትችዪም፤ ጠበቅሽ። የመኪናውን ድምፅ ስትሰሚ ከፈትሽው፣ ወጥተሽ የግቢውን በር ከፈትሽ። አዛን ሲወጣ ግን ግቢ ነበርሽ፣ እነሱ ፊት። ገብተሽ ማጥፋት አልቻልሽም። አፍሽ ላይ የመጣልሽ ሄድፎን ነው። ሀሲና ስትጮህ ቀድመሽ የገባሽውም ካሴቱን ለማውጣት ነው።»

ሻኪር ያን ጊዜ በሩን ከፍቶ ገባ። በፕላስቲክ የታሸገ ካሴት ይዟል። «መኪናዋ ውስጥ፣ ከወንበሩ ሥር» አለ። ጀርባው ላይ በሙሰዓብ የእጅ ጽሑፍ «ለቢታንያ» ይላል።

ቢታንያ ጽሑፉን አነበበች።

«ሙሰዓብን ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለች። «ማንም ያልሰማውን እኔ ሰማሁት። በራሱ ስም ላወጣው ሞከርኩ፤ አሥራ አንድ ሰው ነው የከፈተው። ሞቷል ስል ዓለም አዳመጠው። ያ የእኔ ጥፋት ነው?»

«አይደለም። ጆሮሽ ጥሩ ነው» አለች ሂባቅ። «መጀመሪያ በወሬ ገደልሽው፤ እሱ ይቅር ሊልሽ ይችል ነበር። ወሬውን እውነት ያደረግሽው ትናንት ነው። ከዚያ ደግሞ ለአንዲት የምታጠባ እናት አሸከምሽው።»

ሻኪር ቢታንያን ይዟት ወጣ። ኬብሮን ወደ ሀሲና ጠጋ ብሎ፣ «እኔም ከአንቺ ሌላ የገባ የለም ብዬ ፈርሜያለሁ» አለ። «ይቅር በዪኝ።»

«እንደሰማህ ተናገርክ፣ ወንድሜ» አለችው። «ሰፈሩም እንደሰማው ነው የሚናገረው።» ሻሿን አስተካክላ ወጣች።

ሂባቅ የፖሊሱን መኪና አስነሳች። «ግቢ፣ ሼክ ኑር አደርስሻለሁ።»

ሀሲና አልገባችም። «እትዬ፣ በዚህ መኪና ተይዤ መሄዴን ሰፈሬ በሙሉ ሰምቷል። በዚሁ ብመለስ እናንተ ብትፈቱኝም እነሱ አይፈቱኝም። ቤት አከራዬም፣ ልብስ የማጥብላቸውም። ልጄን የያዘችው ሴት እንኳ።»

ሂባቅ ሞተሩን አጠፋች።

«ልጅሽ ከጠባች በኋላ ሻይ ታፈዪልኛለሽ?»

«አፈላለሁ።»

«እንግዲያው በእግራችን እንሂድ፤ በዋናው መንገድ፣ ፀሐይ ሳለ። በርሽ ላይ በርጩማ አውጪልኝ፣ ደንብ ልብሴን እንደለበስኩ ተቀምጬ እጠጣለሁ። ሁለት ብርጭቆ። ሊያስር የመጣ ፖሊስ ሻይ እንደማይደግም ሰፈርሽ ያውቃል።»

ሀሲና ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ግን አልቆመችም፣ ቀድማ እየፈጠነች ነበር። ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል።