የበረዶ ክፍሉ በር

ስልኩ ሲጠራ መርማሪዋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጫማዋን አጥልቃለች፤ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ማሰር ግን አቅቷታል። ጉልበቷ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዛት አድሯል። ጡረታዋ ደርሷል። ባልደረቦቿ «እትዬ ቆይ» ይሏታል፤ ሰው ሁሉ ነገሩ አለቀ ደቀቀ ሲል እሷ «ቆይ» ማለት ስለማይሰለቻት።

የደወለላት ወጣት ፖሊስ ግን ዛሬ ቆይ የሚያሰኝ ነገር እንደሌለ አስረዳት። አንድ ሰው በምግብ መጋዘን የበረዶ ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል። የመጋዘኑ ሾፌር የተጫነ ጋሪ በሩ ላይ አስጠግቶ ስለሄደ ሰውየው መውጣት አልቻለም። ሾፌሩም አላስተባበለም። እሷ መጥታ አይታ መመለስ ብቻ ነው የቀራት።

«መጣሁ» አለችና ማሰሪያውን ሳታስር ተነሣች።

መጋዘኑ ከአንድ ትልቅ ሆቴል ጀርባ የቆመ ረጅም ቤት ነው፤ ሁለቱን የሚለያቸው አንዲት ትንሽ በር ያላት ግንብ ናት። ሟቹ የበረዶ ክፍሉ በር ሥር ጉልበቱን አጥፎ በጎኑ ተኝቷል። መዳፎቹ በሩን ከመደብደብ ብዛት አብጠዋል። ከሸሚዝ በላይ ምንም አልለበሰም። አጠገቡ ክዳኑ የተነሣ አረንጓዴ ሣጥን አለ።

ሰው ሁሉ «አስታራቂው» ይለው ነበር። ከእሱ በፊት በዚያ ሰፈር ያለ ወጥ ቤት ሁሉ ለየብቻው ይገዛ፣ ለየብቻው ያከማች፣ ለየብቻው መኪና ይከራይ ነበር። የአንዱ ቲማቲም ሲበሰብስ የጎረቤቱ ድስት ባዶውን ይጣዳል። ምግብ አብሳይን ከምግብ አብሳይ ማስማማት ድመትና ውሻን ከአንድ ሳህን እንደ ማብላት ነው። እሱ ግን እየለመነም እየቀለደም ሆቴሉን፣ ትምህርት ቤቱንና ትናንሾቹን ምግብ ቤቶች አንድ ላይ አመጣቸው። ባንድ ላይ ገዙ፣ ባንድ መጋዘን አስቀመጡ፣ ባንድ መኪና አጓጓዙ። ለአንዱ የተረፈው ለሌላው ሆነ። የሚጣለው ምግብ ቀነሰ፤ የትምህርት ቤት ልጆችም ዓሣ መብላት ጀመሩ።

መርማሪዋ እያቃሰተች ሣጥኑ አጠገብ ተንበረከከች። አረንጓዴ ለትምህርት ቤቱ የሚላክ ሣጥን ቀለም እንደሆነ የመጋዘን ጠባቂዋ ነገረቻት። ዓሣዎቹ ተጨፍልቀው እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ሣጥኑ ግርጌ ላይ ሐመር ቀይ ውሃ እንደ መስተዋት ረግቶ በረዶ ሆኗል። ሌላ ሣጥን አስከፈተች። የዚያኛው ዓሣ እያንዳንዱ ለየብቻው እንደ እንጨት ደርቆ ቀጥ ብሏል፤ ግርጌውም ደረቅ ነው።

መብራት ጠፍቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀች። ጠባቂዋ ቢጠፋም ጄኔሬተሩ ወዲያው እንደሚነሣ፣ እዚህ ቤት ውስጥ በረዶ ቀልጦ እንደማያውቅ ማለች። ጠባቂዋ ቆጣ ቆጣ የምትል፣ ዛሬ ግን ድምጿ የሰለለ ሴት ናት። ወፍራሙ የብርድ ካፖርት ከበሩ ውጭ ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ የሟቹ ስልክም የእሷ ጠረጴዛ ላይ ቻርጅ እንደተሰካ ቀርቷል።

«ያለ ካፖርት ይገባ ነበር?»

«እሱ? ብርድ ሲፈራ ለጉድ ነው። ለሰው የሆነ ነገር ቶሎ አውጥቶ ለማሳየት ካልሆነ በቀር ያለ ካፖርት አይገባም።»

በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ነው፤ ከውስጥ ሲገፉት የሚለቅ መክፈቻ አለው፣ እሱም ይሠራል። መርማሪዋ ራሷ ሞከረችው። ከዚያ ጠዋት አስከሬኑን ያገኘችውን ጠባቂ ጋሪው እንዴት እንደ ቆመ ጠየቀቻት።

«በሩን ተደግፎ ቆሟል፣ ዱቄትና ዘይት እንደ ጫነ። ሾፌሩን እየተራገምኩ ገፋሁት፤ እንቢ አለኝ። ለካ ፍሬኑ ተይዟል፤ ጎንበስ ብዬ ፈታሁት።»

«ሾፌሩ ሁልጊዜ ፍሬን ይይዛል?»

ጠባቂዋ ዞር ብላ ጋሪውን አየች። «ያዘው ብዬ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል» አለች ቀስ ብላ። «ይዞ አያውቅም።»

የመጋዘኑ ቁልፍ ያላቸው አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ጠባቂዋ፣ ሾፌሩ፣ የሆቴሉ ሼፍና የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ኃላፊ። ሟቹ ራሱ የሚገባው ከእነሱ ከአንዱ ጋር ነው። ጠባቂዋ ትናንት ስትወጣ ሾፌሩ ገና ጭነት እያወረደ ነበር። እሷ ከዚያ በቀጥታ ልጇን ልትወስድ ሄዳለች፤ የልጁ አስተማሪም ይህንኑ አረጋገጠች።

ሾፌሩን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ዓይኑ ደም መስሏል፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ተጋግሯል። አጠገቡ ስትቀመጥ ሊነሣላት ሞከረና ወገቡ ያዘው።

«እኔ ነኝ መሰለኝ» አላት ሳትጠይቀው።

«መሰለኝ ማለት ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«አላስታውስማ። ጭነቱን አወረድኩ። ከዚያ ቤቴ እንዴት እንደ ደረስኩም አላውቅም። ድሮ ስንት መኪና ይሠራው የነበረውን ዛሬ አንድ መኪና ነው የሚሠራው። መኪናው አንድ ሆነ ብለው ሲደሰቱ ሾፌሩም አንድ መሆኑን ማን አሰበ? እሱ ብቻ ነው ያሰበው። ረዳት ሾፌር አመጣልሃለሁ ብሎኝ ነበር።»

የጋሪውን ፍሬን ለምን እንደማይዝ ጠየቀችው። የእግር ፍሬን ነው፤ ለመፍታት ግን መጎንበስ ያስፈልጋል፤ የእሱ ወገብ ደግሞ መጎንበስ ካቆመ ቆይቷል። ይህን ሲላት ጥፋት የሚናዘዝ እንጂ ራሱን የሚከላከል አይመስልም። መርማሪዋ እንዲህ ያሉ ሰዎች ታውቃለች። ተኝተው ለማደር ብቻ ያላደረጉትን አደረግን የሚሉ ሰዎች በዘመኗ አጋጥመዋታል። ድካም ክፉ ጠበቃ ነው፤ ደንበኛውን ያስፈርድበታል።

የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ኃላፊ የጠባቂዋ ክፍል ውስጥ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም። የሟቹ ታላቅ እህት ናት።

ወጣቱ ፖሊስ ስለ እሷ አስቀድሞ የሰማውን ሹክ ብሏት ነበር። በዚህ ሳምንት የትምህርት ቤቱ ልጆች ዓሣ በልተው ሲያስመልሳቸው ውሏል፤ አንዲቷ ልጅ አሁንም ሐኪም ቤት ተኝታለች። ከዚያ ወዲህ እህትና ወንድም አልተነጋገሩም።

«አዝዬ ነው ያሳደግኩት» አለች ሴትዮዋ። «እሱ ግን በሰው ፊት እጅሽን ታጥበሽ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔን። ትናንት አመሻሽ ላይ ደወለልኝ፤ ይበለው ብዬ ስልኩን አላነሣሁም።» ከዚያም «የመጨረሻው መሆኑን ማን ያውቃል?» አለች።

መርማሪዋ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳርፋ ወጣች። አመሻሹን የት እንደ ነበረች ግን አጣራች፤ ሐኪም ቤት፣ የታመመችው ልጅ አልጋ አጠገብ ነበረች። የልጅቷ እናት አብራት ውላ አምሽታለች።

ከዚያ በግንቡ በር አልፋ ወደ ሆቴሉ ወጥ ቤት ገባች። ሼፉ ስሙ የተከበረ፣ ነጭ ጃኬቱ ላይ አንዲት ነጠብጣብ የማይታይበት ሰው ነው። ወንበር አቀረበላት፤ ስለ ሟቹም ከልቡ የሚመስል ሐዘን ገለጸ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከወጥ ቤቱ አልወጣሁም አላት። ሾፌሩ ምስኪን ነው፣ ግን ግድ የለሽ ነው፣ አንድ ቀን ሰው እንደሚጎዳ ይታወቅ ነበር ሲል ጨመረበት።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ የዕለቱ ምሳ ዓሣ እንደሆነ ይናገራል። ምድጃው አጠገብ ግን ትልቅ በርሜል ሙሉ ባቄላ ተዘፍዝፏል።

«ምሳው ተቀየረ እንዴ?» አለች እንደ ዋዛ።

«ምን ይደረግ። መጋዘኑ ተዘጋብን፤ እንግዳ ደግሞ ጦሙን አይውልም። ቅድም ወሬውን ስንሰማ ነው ባቄላውን ውሃ ውስጥ የከተትነው።»

መርማሪዋ እጅጌዋን ሰብስባ ከበርሜሉ አንድ ፍሬ አወጣች። በሁለት ጣቷ ስትጫነው ልጣጩ ሾልኮ ወጣ። ጥርሷ ሥር አደረገችው፤ እስከ ልቡ ለስልሷል። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ጠርዙ ላይ ነጭ አረፋ ሠርቷል። ልጣጩን ቅርጫት ውስጥ ጣለች፣ አመሰገነችና ወጣች። በጓሮ በር በኩል ስታልፍ ሳህን አጣቢዋን ስለ ወጥ ቤቱ ፍሪጅ አንድ ነገር ጠየቀቻት።

ወጣቱ ፖሊስ ሾፌሩን መኪና ውስጥ ሊያስገባ ክንዱን ይዞ አገኘችው።

«ቆይ» አለችው።

አራቱን የቁልፍ ባለቤቶች ጭነት የሚወርድበት መድረክ ላይ ሰበሰበቻቸው፤ ጠባቂዋና እህትየው የት እንዳመሹ ቢታወቅም ልሂድ አላሉም። የምግብ ቤቶቹ ባለቤቶችም ወሬውን ሰምተው መጥተው ዳር ቆመዋል። መርማሪዋ ቆማ መናገር ስላቃታት ባዶ ሣጥን ገልብጣ ተቀመጠች።

«ሾፌሩ ጋሪውን የትም ትቶት ሊሆን ይችላል» ብላ ጀመረች። «እሱም አያስታውስም፣ እኔም አላውቅም። ፍሬኑን ግን አልያዘም። ፍሬን ያልተያዘ ጋሪ ወለሉ ለጥ ባለበት ቤት ከውስጥ ሲገፉት ይሄዳል። ስለዚህ ጋሪው እዚያ የቆመው በመርሳት አይደለም፤ አንድ ሰው በሩ እንዳይከፈት ፈልጎ ነው።»

ሾፌሩ ቀና አለ። የሰማውን ያመነ አይመስልም።

ሟቹ ያለ ካፖርት የገባው ለቅጽበት አንድ ነገር አንሥቶ ለማሳየት እንደ ነበር ነገረቻቸው። ስለዚህ የሚያሳየው ለሌላ ሰው ነው፤ ያ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የሚያሳየው ደግሞ አጠገቡ ተከፍቶ የተገኘው ሣጥን ነው። ያ ዓሣ አንድ ጊዜ ቀልጦ፣ ውሃውን አውጥቶ፣ እንደገና በረዶ የሆነ ነው። እዚህ መጋዘን ውስጥ በረዶ ቀልጦ አያውቅም። ስለዚህ የቀለጠው ሌላ ቦታ ነው።

«የትምህርት ቤቱ ዓሣ ከየት ነው የሚመጣው?» አለች ወደ ጠባቂዋ ዞር ብላ።

«ሆቴሉ ተረፈኝ ብሎ ከሚመልሰው።»

«የሆቴሉ ትልቅ ፍሪጅ በሳምንቱ መጀመሪያ ተበላሽቶ ነበር። ሳህን አጣቢዋ የፈሰሰውን ውሃ ስትወለውል ውላለች። ዓሣው ቀለጠ። መጣል ነበረበት። ግን የሆቴሉ ስም አለ፣ የሼፉ ስም አለ። ተረፈ ተብሎ ወደ ጋራው መጋዘን ተመለሰ፤ ከዚያ ወደ ልጆቹ ሳህን ሄደ።»

ሼፉ በረጋ ድምፅ ይህ ሁሉ ግምት መሆኑን ተናገረ። ፍሪጅ ይበላሻል፤ ትናንት ማታ ግን እሱ ከምድጃው አጠገብ አልተለየም።

«ባቄላው ግን አይስማማም» አለች መርማሪዋ። «ደረቅ ባቄላ በቀዝቃዛ ውሃ እስከ ልቡ የሚለሰልሰው አድሮ ነው። እርስዎ ጠዋት ዘፈዘፍኩ አሉኝ። አረፋው ግን ሌላ ነው የሚናገረው። ሰሌዳዎ ዓሣ እያለ፣ ዓሣው መጋዘን ውስጥ እያለ፣ ማታ ባቄላ የሚዘፈዝፍ ሰው ነገ ጠዋት መጋዘኑ እንደሚዘጋ ያወቀ ነው። ያንን ያወቀ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ለሰውየው ነፍስ ያላሰበ ሰው ለእንግዶቹ ምሳ አስቧል። የሙያ ነገር ሆኖብዎት ነው።»

ሼፉ ሁሉንም ተራ በተራ ካየ በኋላ ዓይኑ እህትየው ላይ ሲደርስ ጃኬቱን ከላይ ጀምሮ መፍታት ያዘ፤ ትከሻው ወረደ።

«ነገ ሁሉንም ሰብስቤ እናገራለሁ አለኝ» አለ። «እህቴን በሰው ፊት አዋርጃታለሁ፣ በሰው ፊት ነው ይቅርታ የምጠይቃት አለኝ። ለመንኩት። ሣጥኑን ሊያነሣ ሲገባ በሩን ገፍቼ ከውጭ ተደገፍኩት። እስኪረጋጋ ብዬ ነበር… ከዚያ ሲያንኳኳ፣ ልክፈት ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ቢወጣ ምን እንደሚል አሰብኩና አጠገቤ የነበረውን ጋሪ ስቤ ፍሬኑን ያዝኩት።»

ፖሊሱ ሾፌሩን ለቅቆ ሼፉን ያዘ። ሼፉ አልታገለም፤ እንዲያውም የቀለለው ይመስል ነበር።

ሰዉ ሲበተን እህትየው መርማሪዋ አጠገብ መጥታ ቆመች። «ብዙ አንኳኳ?» አለች።

መርማሪዋ እነዚያን መዳፎች አይታለች። «ብርድ ቶሎ ያስተኛል» አለች። ይህም ውሸት አልነበረም። «ለምን እንደ ደወለልሽ ግን አሁን አውቀሻል።»

ሴትዮዋ አንገቷን ነቀነቀች፤ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። በእጇ ጀርባ ጠረገችው። ሾፌሩ ጆንያዎቹ ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወስዶታል፤ አፉ ተከፍቷል። ከምግብ ቤት ባለቤቶቹ አንዱ ሊቀሰቅሰው ሲጠጋ እህትየው በእጇ ከለከለችው።

«ተወው፣ ይተኛ» አለች። «ለነገ ባዶ መኪና ያለው ማነው? ልጆቹ ነገም ይበላሉ።»

ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው የወንድሙ ልጅ መንዳት እንደሚችል ተናገረ፤ ሌላዋ ግማሹን ጭነት በራሷ መኪና እንደምታደርስ። ማን ቀድሞ ይጫን በሚለው ግን ሁለቱ ተነታረኩ። እህትየው መሃላቸው ገብታ ለአንዱ ጠዋቱን፣ ለሌላዋ ከሰዓቱን ሰጠች፤ አንዳቸውም አልተቃወሙም።