ለጫማ ማስታወቂያ መታወቂያ

መርማሪ ሌይዳ ኦያስቴ ከቪልያንዲ ከተማ ዳር ካለው የእንጨት ቤት ስትደርስ፣ ሽማግሌው ኤንደል ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። ከሞቱ አንድ ሌሊት አልፏል። ፊት ለፊታቸው ኮምፒውተር፣ አጠገቡ የተጋመሰ የእርጎ ብርጭቆ አለ።

ሐኪሙ ብርጭቆውን አሸተተና «የልብ መድኃኒታቸው ጠብታ ነው፤ ፈረስ የሚጥል ያህል ተጨምሮበታል» አለ።

ሌይዳ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ጡረታዋ የተቃረበ መርማሪ በሬሳ አትደነግጥም፤ ይደክማታል እንጂ።

የቤቱ ቁልፍ ያላት አስታማሚያቸው ጋሊና ብቻ ነች፤ እርጎውንም የምትገዛው እሷው። ልጃቸው ከርስቲ ከዋና ከተማው ከታሊን ደርሳ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ፈረደች።

«ሌላ ማን አለ? እሷ ናት። ዛሬውኑ ይውሰዱልኝ።»

ጋሊና አላለቀሰችም። ብቻዋን የምታሳድገው ልጅ አላት፤ እሷ ከታሰረች የሚረከበው ዘመድ የለም። ይህን ሌይዳም ታውቃለች።

«ኮምፒውተሩ አዲስ ነው?» አለቻት።

«ሰኞ ነው የመጣው። አሮጌው ሲበላሽ ከርስቲ ላከችላቸው።»

ሌይዳ ምን እንደሚመጣ ለማየት የራሷን መታወቂያ ከኮምፒውተሩ ጋር በተያያዘው የካርድ ማንበቢያ ውስጥ ከተተችና የተከፈተውን የጋዜጣ ገጽ አደሰችው። ወዲያው ትንሽ መስኮት ብቅ አለ፦ ማንነትዎን የሚያሳውቁበትን ሰርተፊኬት ይምረጡ። ከሥሩ ከካርዷ የተነበበው ስሟ አለ፤ ቀጥሎ «እሺ» እና «ሰርዝ» ይላል።

«ጋዜጣ ለማንበብ መታወቂያ ይጠየቃል እንዴ?» አለች።

«ጋዜጣው አይደለም» አለች ጋሊና፤ «ጥግ ላይ ያለው የጫማ ማስታወቂያ ነው። ካርድ ካገኘ አሳዩኝ ይላል። አባባ ሁልጊዜ ‹ሰርዝ› ነው የሚሉት። ‹ለጫማ ማስታወቂያ መታወቂያ አላሳይም፣ ፖሊስ ነው እንዴ?› ይሉ ነበር።»

የሌይዳ ጣት ግን «እሺ» ላይ ደርሶ ነበር። እዚህ አገር ባንኩም ግብሩም ፊርማውም በዚያች ካርድ ነው፤ መስኮት ሲመጣ እሺ ማለት እጅ የለመደው ነገር ነው። አፈረችና «ሰርዝ» አለች። ከዚያ የብራውዘሩን ቅንብር ከፍታ አንድ ነገር ስታይ ቆየች።

የኤንደል የወንድም ልጅ ማርጉስ እንጨት ነጋዴ ነው፤ ሌይዳ እዚያው ቤት አስጠራችው።

«አጎትህ ጫካቸውን አልሸጥልህም ብለዋል አሉ» አለችው።

«የሽማግሌ ነገር።»

«ከዛሬ በፊት እዚህ መቼ መጣህ?»

«ከሰኔው የቅዱስ ዮሐንስ ምሽት ወዲህ እግሬ አልረገጠም። ይኸው በረዶ ሊጥል ነው።»

«ካርድህን ለሰው ሰጥተህ ታውቃለህ?»

«ለእናቴም አልሰጥ። የምስጢር ቁጥሩን ከእኔና ከእግዜር በቀር የሚያውቅ የለም።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው። ቆማ ማውራት ስለሰለቻት ምድጃው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ማስታወቂያው ሰርተፊኬት፣ ማለትም ካርዱ ውስጥ ያለውን የባለቤቱን ማንነት፣ ይጠይቃል» አለች። «እሺ ላለ ሰው ብራውዘሩ ምርጫውን ይመዘግባል። እንዲያስታውስ የሚያዘው ምልክት ቀድሞ የተደረገ ነው፣ ማንም አያነበውም። ኤንደል አንድም ቀን እሺ አላሉም። ግን እዚህ ውስጥ አንድ ስም ተቀምጧል። ማርጉስ፣ ያንተ ነው።»

«በሰኔ ይሆናላ። ያኔ በሱ ኮምፒውተር ተጠቅሜ ነበር።»

«በሰኔ ይሄ ኮምፒውተር አልነበረም። ሰኞ ነው የመጣው።»

ከርስቲ ቀስ ብላ ወደ አጎቷ ልጅ ዞረች። «እኔ ነኝ የላክሁት» አለች።

«ካርዱ ከእጅህ አይወጣም፣ ቁጥሩንም ሌላ አያውቀውም፤ አንተው ነህ ያልከኝ» ሌይዳ ቀጠለች። «በሩን አጎትህ ከፈቱልህ። የጫካውን የሽያጭ ውል ልትፈርም ካርድህን ከተትክ። ጋዜጣው ከኋላ ተከፍቶ ስለነበር መስኮቱ መጣ፤ የፊርማው መስሎህ እሺ አልክ። የመፈረሙ ተራ የእሳቸው ሲሆን እምቢ አሉ። ከርስቲ ብትወርስ ትሸጥልኛለች ብለህ ነው ጠብታውን እርጎው ውስጥ የገለበጥከው።»

ማርጉስ እጁን አየ። «ሁለት ዓመት ለመንኩት» አለ። «ዛፍ እኮ ነው።»

ፖሊሶች ማርጉስን ሲወስዱት ከርስቲ ወጥ ቤት ገባች። «ይቅር በይኝ ጋሊና፣ ተናድጄ ነው።»

ጋሊና ኮቷን ትቆልፍ ነበር። «አባትሽ ቢሆኑ ሳያነቡ እሺ አይሉም ነበር» አለቻትና ልጇን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ወጣች።

ሌይዳ ብቻዋን ቀረች። ካርዷን ማንበቢያው ውስጥ ረስታው ኖሮ መስኮቱ ዳግም ብቅ ብሎ ይጠብቃታል። በዚህ ድካሟ እንኳ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ «ሰርዝ» አለችና ካርዷን ነቀለች።