አቶ አድራሻ እና የአናጢው አውራ ጣት

የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ኃላፊ ስም ነበረው፤ የሚጠራበት ግን አልነበረም። ማንም ምን ቢጠይቀው «አድራሻው የት ነው?» ስለሚል ሠራተኛው «አቶ አድራሻ» ነበር የሚለው። የራጅ ባለሙያዋ ዓይኑን ማየት አትወድም፤ እውነቷን ነው።

እሱ በዘረጋው መስመር፣ እሷ የምታነሳው ራጅ ሁሉ ሌላ ከተማ ወዳለ ዋና ማዕከል ይሄዳል። ከግድግዳዋ ማዶ ያለው የቀዶ ሕክምና ክፍል ደግሞ ያንኑ ራጅ ከማዕከሉ ይጠብቃል። ከጎረቤት ጨው ለመበደር ሌላ አገር ደብዳቤ እንደመጻፍ ያለ ጅልነት ነው።

አንድ ጠዋት ቀኝ እጁ ውስጥ የመጋዝ ስባሪ የተሰነቀረበት አናጢ መጣ። ወደ አውራ ጣቱ ደም አይደርስም። ራጅ ተነስቶ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንደገባ መስመሩ ተቋረጠ።

ነርሷ እየሮጠች መጣች። «ሐኪሙ በሽተኛውን ጥሎ አይወጣ፤ ስባሪው የት እንዳለ ሳላይ አልነካውም ብሏል። የኛ ስክሪን ባዶ ነው።»

«ይኸው እኔ ጋ አለ» ብላ ባለሙያዋ ስክሪኗን ፎቶ ልታነሳ ስልኳን አወጣች።

አቶ አድራሻ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ተይው። ከማዕከሉ ያልመጣ ራጅ እንዴት ይታመናል?»

«የሰውዬው ስም አለበት፣ የማሽኑ ማኅተም አለበት። ከየትም ቢመጣ ያው እሱ ነው እኮ።»

«ሥርዓት ሥርዓት ነው። መስመሩ አሁን ይመለሳል።»

ለእንጀራዋ ሰግታ ስልኳን ኪሷ ከተተች። ያ «አሁን» አርባ ደቂቃ ፈጀ። እሱ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተንፈላሶ ለማዕከሉ ይደውላል። በመጨረሻ ፎቶውን አንስታ፣ ገፍታው ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሮጠች። ስባሪው ወዲያው ተገኘ፤ ጣቱ ግን አልተረፈም።

በሦስተኛው ሳምንት አናጢው ቁስሉን ሊያሳይ ሲመጣ፣ እጁን ይዛ ኃላፊው ቢሮ አስገባችው።

«ጌታዬ፣ ያን ቀን ራጄ የት ነበር?» አለ አናጢው።

«ማዕከሉ...» ብሎ ጀመረና በፋሻ የተጠቀለለውን እጅ አየ። «እዚሁ ነበር።»

«እኔ መዶሻ ስፈልግ ‹መዶሻ አቀብሉኝ› እላለሁ፤ ቅርቤ ያለው ያቀብለኛል። ምልክቱን አይቼ የኔ መሆኑን አውቃለሁ። ከየትኛው ሳጥን እንደወጣ ምን አገባኝ?»

አቶ አድራሻ በሳምንቱ መስመሩን ቀየረው፤ አሁን ስክሪኑ ራጁን በስሙ ይጠራል፣ ቅርብ ያለው ማሽን ይመልሳል፣ ማኅተሙ ይመረመራል።

ወገኖቼ፣ የዛሬው ኢንተርኔት የተሠራው «ምን ትፈልጋለህ?» ሳይሆን «የት ልሂድልህ?» እንዲል ነው። የሠሩት ሰዎች በዘመናቸው የታያቸው ይኸው ነበር፤ አይፈረድባቸውም። እያየ ድርቅ ለሚለው ግን ምን ይባላል? አቶ አድራሻ ይችን ታህል ለማስተዋል የሰው አውራ ጣት አስከፈለ። የራሱማ ሁለቱም አሉ።