የሸምሱ ጥርስ

«እጅሽን አታወዛውዢው እንጂ፤ ፎቶው ይደበዝዛል» አለች ዮሃና።

«የኔ እጅ አይደለም፤ ያንቺ ትንፋሽ ነው። ራቅ በይ» አለች ሐፍሳ፣ ስልኳን ወደ ጠረጴዛው ዝቅ እያደረገች።

አማን ከተማ፣ እነ ዮሃና ቤት በረንዳ ላይ ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ የታጠበ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ጨርቁ ላይ የዮሃና አያት የአባባ አለሙ ሳንቲሞች ተቀምጠዋል። ከአንድ ሳንቲም ጀምሮ እስከ ሃምሳ ሳንቲም፣ በዱሮው አጠራር እስከ ሽልንግ ድረስ፣ እያንዳንዱ በየኪሱ ገብቶ አራቱም ጠርዝ በታሸገ ግልጽ ላስቲክ ውስጥ ተደርድሯል።

አባባ አለሙ ከሚሠሩበት የቡና እርሻ ጡረታ ሲወጡ የሥራ ጓደኞቻቸው የሰጧቸው ነው። በሕይወት ሳሉ ከሰማያዊ ሳጥኑ የሚያወጡት በዓመት በዓል ቀን ብቻ ነበር። ያኔ ሁለቱም ልጆች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነው የሚያዩት። «በዓይን ብቻ፣ በዓይን ብቻ» ይላሉ አባባ፤ ልጆቹም እስትንፋሳቸውን ውጠው ያያሉ። አሁን አባባ ካረፉ ዓመት አልፏል። ጋቢያቸው ግን እስከ ዛሬ ከቁምሳጥኑ አልወጣም።

ሳንቲሞቹን ሊገዛ የፈለገው ሰዓድ የሚባል የጅማ ሰው ነው፤ የዱሮ ገንዘብ ይሰበስባል። በቴሌግራም መጀመሪያ የጠየቀው «ፕሩፍ ነው ወይ?» ብሎ ነበር። ዮሃናም በእንግሊዝኛዋ ተማምና የአባባን መታወቂያ አንስታ ላከችለት። ሰውዬው በድምፅ ነበር የመለሰላት፤ ሳቁ እስኪያልቅ መጠበቅ አስፈልጓት ነበር።

ያንኑ ድምፅ አሁን እንደገና ከፈተችው።

«የኔ ልጅ፣ ፕሩፍ ስልሽ ማስረጃ አምጪ ማለቴ አይደለም። ለገበያ ሳይሆን ለማስቀመጥ ብቻ ተለይቶ የተሠራ ሳንቲም ማለቴ ነው። ምስል የሌለበት ሜዳው እንደ መስታወት ያበራል፤ ምስሉ ደግሞ ጉም የለበሰ ይመስላል። ከፋብሪካ እንደወጣ ከሆነ ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ። ነገር ግን ከፍቶ፣ ተራ ሳንቲም ተክቶ፣ መልሶ የሚያሽግ ብዙ ነው። አራቱንም ጠርዝ ከቅርብ አንሺልኝ። ያልተነካ ከሆነ አራቱም አንድ ዓይነት ናቸው። የተከፈተ ከሆነ አንዱ ይለያል፤ ላስቲኩ ይኮማተራል፤ አንዳንዴም ሳንቲሙ ላይ የጣት አሻራ ይቀራል።»

«ሰማሽ?» አለች ዮሃና። «ቅዳሜ ይወስደዋል። እማዬ የአዲሱን ቤት ቀብድ ትከፍላለች፤ እኛም ማሻ አንሄድም። አለቀ።»

የነዮሃናን ቤት አከራዩ ለራሱ ፈልጎታል። የዮሃና እናት እትዬ ወርቅአፈራሁ ለሌላ ቤት ቀብድ ካላገኙ ማሻ ከተማ እህታቸው ዘንድ ሊገቡ ነው፤ ልጅቷም ትምህርቷን እዚያው ልትቀጥል። ይህን ካወቀች ወዲህ ሐፍሳ ምግብ በቅጡ አልበላችም። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት።

ሐፍሳ የላይኛውን ጠርዝ ፎቶ አነሳች። የግራውን አነሳች። የታችኛውን አነሳች። ሁሉም ላይ ሁለት ቀጭን መስመር፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ይታያል። ወደ ቀኙ ጠርዝ ዞረችና ካሜራውን አቀረበች።

መስመሩ አንድ ነበር፤ ወፈር ያለ። ከመሃሉ ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ የቡና ፍሬ ግማሽ የምታክል እብጠት አለችው።

ሐፍሳ ያችን እብጠት በጨለማ ብትዳስሳት እንኳ ታውቃታለች።

አባቷ ሸምሱ ሚዛን ከተማ፣ ገበያው አጠገብ የተፈጨ ቡና፣ ኮረሪማና ጥምዝ የሚባለውን ቅመም እየመዘነ በላስቲክ አሽጎ ይሸጣል። ላስቲኩን በግለት የሚያጣብቀው ማሸጊያ መሣሪያ ውስጥ አንድ ጊዜ የቡና ፍሬ ገብቶ፣ ሳያየው ተጭኖት፣ የሚያሽገው ሽቦ ጎበጠ። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ማሸጊያ የሚወጣ ላስቲክ ሁሉ ጠርዙ ላይ ያች እብጠት አለችው። ሰዉ «የሸምሱ ጥርስ» ይላታል። ሌሎች ነጋዴዎች ገብስ የተቀላቀለ ቡና መሸጥ ሲጀምሩ፣ ገበያተኛው ላስቲኩን በጣቱ እየዳሰሰ «ጥርስ የሌለው የሸምሱ አይደለም» እያለ ነው የሚገዛው።

«ምነው ደነዘዝሽ?» አለች ዮሃና።

ሐፍሳ ካሜራውን ወደ ሽልንጉ አዞረችው። የሌሎቹ ሳንቲሞች አንበሳ ጉም ለብሶ መስታወት ላይ የቆመ ይመስላል። የሽልንጉ አንበሳ ግን ጋማው ተፍቋል፤ የሚያበራውም በአመድ እንደተፈተገ ድስት ነው።

«ዮሃና፣ እውነት ማንም አልከፈተውም?»

«ምን ማለትሽ ነው? አባባ አንድ ቀን እንኳ ሳይከፍቱት ነው የሞቱት። ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«አይ፣ እንዲሁ ነው።» ስልኳን አጠፋችው። «ዳመነ፤ ብርሃን የለም። የቀኙን ነገ አነሳዋለሁ።»

«ሦስቱን ልላክለታ?»

«ተይው። አንድ ላይ ይሻላል።»

ወደ ሚዛን የሚሄድ ባጃጅ መጠበቅ ሲገባት በእግሯ ተነሳች። ሹራብ አልደረበችም፤ ጃንጥላም አልያዘችም፤ የሚዛን ሰማይ ደግሞ ለልጅ አያዝንም። መንገዱ ያንሸራትታል፤ መኪናውም ጭቃውን እየረጨ በአጠገቧ ይከንፋል። እሷ ግን ዝናቡን ልብ አላለችውም። ዮሃና ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ መጥታ ቡና በማሸግ ታግዛቸዋለች። ማሸጊያውን ታውቀዋለች። «ከፍታዋለች» አለች በልቧ። «ከፍታ ሽልንጉን ለውጣ፣ በኛው ማሸጊያ አሽጋ፣ ለኔ ትዋሻለች።» ከዝናቡ ይልቅ ያበረዳት ይሄ ነበር።

ሱቅ ስትደርስ አባቷ ቀና ብሎ አያት።

«አንቺ ልጅ፣ ሳንባሽን ልታሳምሚ ነው? ነይ ይህን ፎጣ ያዢ።»

ፀጉሯን እያደረቀች ማሸጊያው አጠገብ ቆመች።

«አባዬ፣ ዮሃና ብቻዋን አሽጋበት ታውቃለች?»

«ማሸጊያውን? እኔ ሳልኖርማ ማንም አይነካውም። እጅ ያቃጥላል። እሷ ላስቲኩን ትሞላለች፣ እኔ እጫናለሁ። ምነው፣ ተቃጠለች እንዴ?»

«አልተቃጠለችም። ከቡናና ከቅመም ሌላ የሚያሳሽግ ሰው አለ?»

ሸምሱ ሳቅ አለ። «ማን ያሳሽጋል? አንድ ጊዜ አባባ አለሙ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ በዒድ ዋዜማ አንድ ላስቲክ ይዘው መጥተው ነበር። ውስጡን በመሃረብ ሸፍነው ጠርዙን ብቻ ሰጡኝ። ‹ምንድነው?› ብላቸው ‹ለልጅ ነው› አሉኝ። አንቺ ያኔ ገና ፊደል እየቆጠርሽ ነው።»

ሐፍሳ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ እንዳለ ትታ ወደ ጓዳ ገባች።

አልጋዋ ሥር ባዶ የቫዝሊን ቆርቆሮ አለች። የወለቀ የአሻንጉሊት ዓይን፣ የተበጠሰ ዶቃ፣ ከዚያ ሥር ደግሞ በጥጥ የተጠቀለለ አንድ ሽልንግ። ጥጡን ገለጠችው። ሜዳው መስታወት ነው፤ አንበሳው ጉም ለብሷል።

ያን ዒድ አሁን እንደ ትናንት አስታወሰችው። ያኔ እነ ዮሃና ጎረቤቶቻቸው ነበሩ፤ መሃላቸው የቀርከሃ አጥር ብቻ። አባባ አለሙ ጠዋት ባርኔጣቸውን አውልቀው እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ ገቡ። እሷ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ጎንበስ ብለው «ለበዓል የሚሰጥ ገንዘብ አዲስ መሆን አለበት፤ ገበያው ሁሉ ያረጀ ሆነብኝ» አሉና ሽልንጉን መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

«ምን ልግዛበት?» ብላ ነበር።

«አትግዢበት። ፊትሽን እይበት።»

«ለዮሃናስ?»

«ለሷ ወንድሞቹ አሉላት።»

የሳንቲም ወንድም ምን እንደሆነ ያኔ አልገባትም። ትልቅ ሰው ብዙ ጊዜ የማይገባ ነገር ስለሚናገር አልጠየቀችም።

ሽልንጉን ወደ ፊቷ አቀረበችው። የረጠበ ፀጉሯና አንድ ዓይኗ ታዩዋት። ዮሃናን የጠረጠረችበት ያ መንገድ ሁሉ አብሮ የታያት መሰላት፤ አፍራ ዝቅ አደረገችው።

የከፈቱት አባባ ናቸው። ይህን በዓለም ላይ ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም። የቀኙን ጠርዝ ራቅ አድርጋ ብታነሳው ጥርሱ አይታይም። ሰውዬው ቅዳሜ ቢመጣም የቸኮለ ቢሆንስ፣ ዓይኑ ደካማ ቢሆንስ? ዮሃና ትቀራለች። ከአንድ ዴስክም አይለያዩም። ማሻ ደግሞ ሩቅ ነው፤ ደጋ ነው፣ ይበርዳል፤ ዮሃና ደረቷ ደካማ ነው። አለዚያም ሽልንጉን ወደ ቦታው መልሳ ላስቲኩን በአባቷ ማሸጊያ ብታሳሽገው... እሱም ያው ጥርስ ነው።

እናቷ ለእራት ስትጠራት መጣሁ ብላ ብዙ ቆየች።

በነጋታው ከትምህርት ቤት በፊት፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ዛሬ እንኳ ሹራብ ደርባ፣ አማን ወረደች። ዮሃና በረንዳው ላይ ጫማዋን እያሰረች ነበር።

«አቦ፣ በዚህ ጠዋት? ለፎቶ ነው? ቆይ ላምጣው።»

«አምጪውና ቁጭ በይ።»

ሰማያዊው ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ሐፍሳ ከኪሷ ጥጡን አወጣች። ሽልንጉን በጠርዙ ይዛ ከላስቲኩ አጠገብ አኖረችው።

ዮሃና መጀመሪያ አላስተዋለችም። ከዚያ ጎንበስ አለች። የውጪውን አየች፣ የውስጡን አየች፣ እንደገና የውጪውን።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«አባባ ናቸው የሰጡኝ። ለዒድ፣ የቀርከሃው አጥር ጊዜ። አዲስ ገንዘብ አጥተው ከዚህ ነው ያወጡት። ከዚያ አባዬ ጋ ወስደው አሳሸጉት። ውስጡን ግን አባዬም አላየውም።» ጣቷን በቀኙ ጠርዝ ላይ አሳለፈች። «ዳሰሽው።»

ዮሃና ዳሰሰችው። አውራ ጣቷ እብጠቷ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቅዳሜ ቅዳሜ በእጇ የሚያልፈው ላስቲክ ሁሉ ያ ነው።

«ጥርስ» አለች ቀስ ብላ።

ውስጥ እትዬ ወርቅአፈራሁ ዕቃ በጆንያ ሲከቱ ይሰማል።

«ትናንት አይተሽው ነበር፤ አይደል?»

«አዎ።»

«እኔ የከፈትኩት መስሎሽ ነበር።»

ሐፍሳ ጫማዋን አየች። «እስከ ሱቅ ድረስ። አባዬን ስጠይቀው ነው...»

«ፋራ ነሽ» አለች ዮሃና። ድምጿ ግን የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። ሽልንጉን በሁለት ጣቷ አነሳችና ወደ ፊቷ አቀረበችው። «ምን ብለው ሰጡሽ?»

«አትግዢበት፤ ፊትሽን እይበት።»

«አባባን!» ሳቋ መጥቶ እንባዋ ቀደመው። «እኔን በዓይን ብቻ እያሉ። የተፈተገ ሽልንግ ነው ለካ በየበዓሉ የሚያስጠብቁኝ።»

«ለሷ ወንድሞቹ አሉላት ብለው ነበር። ያኔ አልገባኝም።»

ዮሃና ፊቷን በመስታወቱ ላይ ትንሽ አየች። ከዚያ ሽልንጉን በጥጡ ጠቅልላ የሐፍሳ መዳፍ ላይ መለሰችው፤ ጣቶቿንም አንድ በአንድ አጠፈችላት።

«ያንቺ ነው። ለልጅ ተብሎ የተሰጠ አይመለስም።»

«ሰውዬውስ?»

«እንጃ።» ዮሃና ወደ ቤቱ በር፣ ወደ ጆንያዎቹ አየች። «ማሻ በጣም ይበርዳል ይላሉ።»

«ሹራቤን ትወስጃለሽ።»

«እሱ ሹራብ አይደለም፤ መጋረጃ ነው» አለችና አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ ነጩን ጨርቅ አስተካከለች። ላስቲኩን አነሳችና የቀኙን ጠርዝ ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ብርሃን ወዳለበት አዞረችው። ስትይዘው እጇ አልተወዛወዘም።

«ስልክሽን አውጪ። ከቅርብ አንሺው» አለች። «ጥርሱ በደንብ ይታይ።»