ፊቱን ያልታጠበው ሽማግሌ

ኤልሳዕን ያገኘሁት ሐረር፣ ኤረር በር ላይ፣ ዝናብ ሲወርድ፣ ሽማግሌ ሆኖ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሽማግሌ! ያን ጊዜ ግን ማን ነግሮኝ?

ከትምህርት ቤት ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ የአንድ ሰው ቦታ ብቻ የቀረው መጣ። ልገባ እግሬን ሳነሣ ከኋላዬ ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ፣ ነጭ ጢማቸው ውኃ የሚያንጠባጥብ አዛውንት አየሁ። «አባባ፣ እርስዎ ይግቡ» ብዬ ክንዳቸውን ደግፌ አስገባኋቸው። አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው፣ ምርቃት እንኳ የለም እንዴ ብዬ ተናደድኩ።

ባጃጁ ትንሽ ሄዶ ቆመ። ሽማግሌው ዘለው ወረዱና ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ እኔ መሮጥ ጀመሩ። መሮጥ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ጎርፉን ይዘሉት ነበር!

«አባባ! ኧረ ቀስ! ይወድቃሉ!»

«አባባ አይደለሁም» አለ እያለከለከ። ጢሙ ከአንድ ጉንጩ ተላቆ ተንጠልጥሏል። «ተዋናይ ነኝ። እዚሁ በሩ ሥር ቀረጻ ላይ ነበርን። ውኃ ስለጠፋ ፊቴን ሳልታጠብ ወደ ቤት እየሄድኩ ነው። አንቺን በዝናብ እያስደበደብኩ መሄድ አላስቻለኝም።»

«ታዲያ ስደግፍህ ለምን ዝም አልክ?»

«ሰው እንዲህ ደግፎኝ አያውቅም።»

ልሳቅ ወይስ ልቆጣ? ሁለቱንም አደረግኩ። ባጃጁ ጥሎን ሄደና በጀጎል ጠባብ መንገዶች በእግራችን ገባን። እሱ ጋቢውን ከሁለታችን በላይ ዘርግቶ ይዟል። የሚያየን ሰው ሁሉ እኔን ምን ያለች ደግ ልጅ ነች ይለኝ ነበር።

የኤልሳዕን ፊት የሚያውቅ ሐረር ውስጥ ብዙ አልነበረም። ድምፁን የማያውቅ ግን የለም። በየእሁዱ በቴሌቪዥን በሚታየው ድራማ ላይ የተጣላ ጎረቤት የሚያስታርቁት፣ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ የሚያንጎራጉሩት አባባ ዘርጋው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ዘበኛ ሆኗል፣ ቄስ ሆኗል፣ ሌባ ሆኗል። ዋናውን ሰው ሆኖ ግን አያውቅም። ሠርግ ላይ ሲዘፍን እንኳ ሰው የሚጠይቀው «የአባባ ዘርጋውን ዝፈንልን!» ብሎ ነው።

ወላጆቹ በልጅነቱ ስለሞቱበት ያሳደጉት ጀጎል ውስጥ የሚኖሩ አክስቱ ናቸው። ጎረቤታቸው ጋሽ ጀይላን፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ እንደ አባት ሆነውለታል።

«ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን የትምህርት ቤታችንን ዘበኛ ድምፅ አስመስዬ ተናገርኩ» አለኝ። «ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ብሎ ሰማኝ። በራሴ ድምፅ ስናገር ዞር ብሎ የሚያየኝ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሰው እየቀያየርኩ እኖራለሁ።»

ሲስቅ ዓይኑ ወደ ጥግ ይሸሻል። ያንን የሚሸሽ ዓይን ወደድኩት። ምን ላድርግ? ወደድኩት።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሶፊ ውስጥ ከጋሽ ጀይላን የጫት ማሳ አጠገብ የተቀመጥን ቀን ጉሮሮውን ጠራረገና በአባባ ዘርጋው ድምፅ «ልጄ መቅደስ፣ ይኼ ኤልሳዕ የሚባለው ጎረምሳ ይወድሻል» አለኝ። ሳቅኩ። ሳቄ ሲያልቅ አፈጠጥኩበት።

«እሳቸው አይንገሩኝ። አንተ ንገረኝ።»

አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። አንገቱን ደፍቶ ሣር መቀንጠስ ያዘ። ዓይኑ ቀና ሲል ሁሉንም ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ መልሱ ተሠርቶ ካላየሁ ማርክ አልሰጥም።

«እጠብቃለሁ» አልኩት። «ግን ሳልሰማው አላሳልፍህም።»

አባቴ ሃምሳ አለቃ ወልደ ጊዮርጊስ ይባላሉ። ከጎጃም ተመድበው መጥተው፣ ጡረታ ሲወጡ እዚሁ ሐረር የቀሩ ወታደር ናቸው። ኤልሳዕ ሽማግሌ ሲልክባቸው ጋሽ ጀይላን፣ ድሮ መድረክ ላይ ያወጡት መምህር ሽፈራውና የነፍስ አባቱ ቄስ ያሬድ መጡ። እንደ ወጉ ቆሙ። ጉዳያቸው እሺ ካልተባለ አይቀመጡማ።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ አባቴ።

«ተዋናይ ነው። ይዘፍናልም» አሉ መምህር ሽፈራው።

«ዛሬ ቄስ ነገ ሌባ የሚሆን ሰው! እሺ፣ እኔ ቤት ሲገባ ማን ሆኖ ነው የሚገባው?»

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ሄዱ። ማታውን አባቴ ቴሌቪዥኑ ሥር ተሰይመው አባባ ዘርጋውን ሲያዩ እንባቸው መጣ። መነጽር ያድርጉ ቢባሉ አይሰሙም፤ ጢሙ የተለጠፈ መሆኑ በሕልማቸውም አልመጣላቸውም።

«ሽማግሌ ማለት እኚህ ናቸው» አሉ። «እሳቸው ቤቴ ቢመጡ እምቢ የምልበት አንደበት የለኝም።»

እኔና እናቴ ተያየን። እናቴ ሁሉንም ታውቃለች፤ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። በማግሥቱ ይህንኑ ለኤልሳዕ ብነግረው ከት ብሎ ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ዝም አለ። ዝም ያለበት ምክንያት የገባኝ ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ የመጡ ቀን ነው።

ቄስ ያሬድ ቀብር ሄደው ነበር። በእሳቸው ቦታ፣ ከዘራ ተደግፈው፣ ነጭ ጢማቸው ደረታቸው ላይ ወርዶ፣ አባባ ዘርጋው ገቡ!

ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። አባቴ ከመቀመጫቸው ተስፈንጥረው ተነሡ።

«እርስዎ! እኔ ቤት? ኧረ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ በሞቴ!»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ ሃምሳ አለቃ» አለ ያ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ።

«ያንን ልጅ እርስዎ ያውቁታል?»

«እንደ ራሴ አውቀዋለሁ።»

ጋሽ ጀይላን ጣራ ጣራውን ያያሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ይቅርታ እየለመኑ ይመስለኛል።

«እንግዲህ ለእርስዎ ስል» አሉ አባቴ ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው፣ «ልጄን ፈቅጃለሁ። በሉ ቁጭ በሉልኝ።»

እናቴ ደንግጣ እልል ማለትም ረሳች። ጋሽ ጀይላንም አብረው እንዲቆርሱ ሥጋ የሌለበት ማዕድ አሰናድታ ነበርና የእጅ ማስታጠቢያውን አስጨበጠችኝ። ስንት ቀን ጠፍቶ በመጣ ውኃ የተሞላ ማንቆርቆሪያ ነው።

ዝም ብል አበቃ፤ አገባለሁ። ግን ማንን? አባቴ እኮ የዳሩኝ ለአባባ ዘርጋው ነው። እኔ ደግሞ አባባ ዘርጋውን ማግባት አልፈልግም! ዕድሜ ልኬን ከዚያ ጢም ጀርባ ድምፅ ስፈልግ ልኖር ነው? አይሆንም አልኩ። ማንቆርቆሪያውን ይዤ ፊቱ ቆምኩ።

«ኤልሳዕ፣ ፊትህን ታጠብ።»

«ያ ረቢ!» አሉ ጋሽ ጀይላን።

ኤልሳዕ ቀና ብሎ አየኝ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣም። ዓይኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጥግ ሳይሸሽ እኔው ላይ ቆየ። ከዚያ ሁለት እጁን ገጥሞ ዘረጋልኝ። አፈሰስኩለት። ጢሙ ከነሙጫው ሳፋው ውስጥ ወደቀ፤ የተቀባው መጨማደድም እየሟሟ ወረደ።

አባቴ ቆመው ነበር። «ምንድን ነው ይኼ?»

«ሃምሳ አለቃ...» ብሎ በሽማግሌው ድምፅ ጀመረ፤ አቋረጠው። ሲቀጥል የመጣው ሌላ ድምፅ ነው፤ ቀጭን፣ የፈራ፣ የራሱ። «እኔ ኤልሳዕ ነኝ። ልጅዎን እወዳታለሁ። በራሴ ፊት ብመጣ የሚሰሙኝ አልመሰለኝም። በራሴ ፊት ሰው ወንበር ለቆልኝ አያውቅም። ይቅር ይበሉኝ።»

ለእኔ ሳይነግረኝ ለአባቴ ነገራቸው! በዚያ ጭንቅ መሃል ይኼ አናደደኝ፤ ደስታም አስለቀሰኝ።

«ውጡልኝ» አሉ አባቴ።

ሳምንቱን ሙሉ ቤታችን ሰው የሞተበት መሰለ። እሁድ ሲመጣ አባቴ ቴሌቪዥኑን አልከፈቱም። እኔም ከፊታቸው ሄጄ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ እኔ ከእሱ ሌላ አላገባም።»

«ያጋለጥሽው አንቺ ነሽ እኮ!»

«አዎ። ውሸቱን አልፈለግኩትም። ልጁን ግን እፈልገዋለሁ። ሽማግሌ እንደገና ይመጣል፤ ቢመልሱትም እንደገና ይመጣል። እኔ አልደክምም።»

ያልተከፈተውን ቴሌቪዥን ማየት ያዙ።

«ዝም ብትይ ኖሮ ተድረሽ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ለጋሽ ጀይላን ንገሪያቸው። ልጁን ይዘውት ይምጡ።»

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «የሚያገባው ልጅ ራሱ ከሽማግሌ ጋር መጥቶ ያውቃል?»

«መጥቷል እኮ!» አሉ አባቴ።

ኤልሳዕ መጣ። ተላጭቶ፣ አገጩ ላይ ምላጭ የነካው ቁስል ይዞ፣ ትከሻው ላይ የሰፋ ኮት ለብሶ። ከጋሽ ጀይላን፣ ከመምህር ሽፈራውና ከቄስ ያሬድ ጎን ቆመ። ጢም የለ፣ ከዘራ የለ፤ እጁን የሚያሳርፍበት አጥቶ ነበር።

«ማነህ?» አሉ አባቴ።

«ኤልሳዕ።»

«አባባ ዘርጋውስ?»

«እሳቸው ሥራዬ ናቸው። እወዳቸዋለሁ፤ አልተዋቸውም። ቤት ግን ይዣቸው አልገባም።»

አባቴ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ትዘፍናለህ ብለውኛል። በራስህ ድምፅ እስቲ ዝፈን።»

ኤልሳዕ ወደ መጋረጃው አየ። እኔም መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁና ሰው ሁሉ እያየኝ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ሲጀምር ድምፁ ተሰበረ። ያ የሚንቀጠቀጥ የሽማግሌ ድምፅ ሊያድነው ከጉሮሮው ሲመጣ አወቅኩት፤ አይሆንም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩለት። ዋጠውና እንደገና ጀመረ፦

«በዝናብ ኤረር በር ክንዱን የያዝሽለት፣
ሽማግሌው ሄዷል፣ ለልጁ ፍረጂለት።»

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ንጹሕ ነበር። ጋሽ ጀይላን «ማሻአላህ» አሉ ቀስ ብለው። እኔ እንባዬን አልጠረግኩም፤ እስከ መጨረሻው ዓይን ለዓይን እየተያየን ሰማሁት።

አባቴ ወለሉን ሲያዩ ቆዩ።

«ድምፅህ የአባባ ዘርጋውን አያህልም» አሉ።

አባቴ የራሳቸውን ወንበር፣ ቴሌቪዥን የሚያዩበትን፣ በእጃቸው ጎትተው አጠገቡ አደረሱለት።

«ተቀመጥ» አሉት።

እናቴ እልልታዋን ያቀለጠችው ገና ሳይቀመጥ ነው።