በሩን የያዘችው

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሣ ብድግ ብዬ ዕቃ የማጥብ ሰው ነኝ። ጓደኞቼ ስለ መንፈስ፣ ስለ ማታ ጥሪ ሲያወሩ «እናንተ ደግሞ፣ ሥራ ፈቶች» እላቸዋለሁ፣ ዛሬም ቢሆን ይህንን ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምነውም፣ ስለዚህ ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፣ ብቻ የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ቶሎሳ የግብርና ባለሙያ ነው፣ ያን ጊዜ ጎጆ በምትባል የደጋ ከተማ ተመድቦ እሱ እዚያ ተከራይቶ ይኖራል፣ እኔ እዚህ አምቦ ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር፣ ክረምቱ ሲገባ ግን ዛሬ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ነገ ስብሰባ አለ ማለት አበዛ፣ ይባስ ብሎ ስልክ ላይ ድምፁ ረጋ አለብኝ፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ምንም ያልጎደለበት ሰው ድምፅ ሆነ። ከሚስቱ ርቆ ምንም የማይጎድልበት ባል ምን ማለት እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ። አንድ ዓርብ ከሥራ አስፈቀድኩና፣ ሳልደውልለት፣ በጊንጪ በኩል አድርጌ ወጣሁ።

ስደርስ እየመሸ ነው፣ ጉሙ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። አከራይዋ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ደግ ሴት ናቸው፣ እጄን ይዘው ጓሮ ወዳለው ክፍል ወሰዱኝ። ለዚያች ትንሽ ክፍል የተገጠመው በር አስቂኝ ነበር፣ እንደ ባንክ በር ከባድ ብረት፣ ከላዩ የታጠፈ ክንድ ያለው፣ ከፍታችሁ ስትለቁት ራሱ ቀስ ብሎ የሚዘጋ።

«ልጄ ነው ከፊንፊኔ ያመጣው፣ ሆቴል ሲፈርስ» አሉኝ በኩራት፣ «እሳት ቢነሣ እንኳ ጭስ አያሳልፍም ይላል።»

ቶሎሳ ሲያየኝ ደነገጠ። «ምነው፣ ሰላም ነው?»

«ባሌ ጋ ለመምጣት ሰላም መጥፋት አለበት?»

ሳቀና አቀፈኝ፣ እኔ ግን በትከሻው ላይ ክፍሉን እያየሁ ነበር። አልጋው ተነጥፏል። ሱሪው ታጥፏል። እመኑኝ፣ ይሄ ሰው በትዳራችን ሙሉ ሱሪ አጥፎ አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስኒ ታጥቦ ተደፍቷል።

«ሁለት ስኒ ለማን ነው?»

«አንዱ ሲቆሽሽ በአንዱ እጠጣለሁ፣ ምን ችግር አለው ናርዲ?»

እራት በላን፣ ብርዱ አልቻል ሲለኝ አዴ ጫልቱ ጋ ሄዶ በከሰል ምድጃ ፍም ይዞ መጣ፣ የመስኮቱን ክፍተት ለብርዱ ብሎ ቀደም ሲል በላስቲክና በጨርቅ ወትፎት ነበር፣ በሩም ከኋላው ራሱን ዘጋ። «አይዞሽ፣ ፍሙ ቀልቷል፣ ጭስ የለውም» አለና ምድጃውን አልጋው አጠገብ አስቀመጠው። ትንሽ እንደቆየን ራሴን ከበደኝ ብሎ ከነልብሱ ጋደም አለና ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። እኔንም ራሴን ይወቅረኝ ጀመር፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ቅናት ነው አልኩ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ያቺን ስኒ ያጠበች ሴት መልኳን እየሳልኩ፣ ቀይ ትሁን ጠይም፣ ከእኔ ታንስ ትሆን ትበልጥ እያልኩ ተኛሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት እርምጃ ነው። በላስቲክ ጫማ ጭቃ ላይ ጭቅ፣ ጭቅ፣ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀጥሎ ብረቱን በጥፍር ጫር ጫር አደረገችው፣ አዎ አደረገችው ነው የምለው፣ ምክንያቱም ወዲያው ድምጿን ሰማሁ።

«ቶሌ… ቶሌ…»

ቶሌ የምለው እኔ ብቻ ነኝ። እናቱ እንኳ ቶሎሳ ነው የምትለው።

በሩ ተከፈተ። ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው። ጠርዙን የያዙ ቀጫጭን ጣቶችና የአረንጓዴ ሻሽ ጫፍ አየሁ፣ ሌላ ምንም። ያኔ ከደሜ የተነሣው ንዴት ባይኖር ኖሮ ዛሬ ይህን አላወራችሁም፣ በእልህ ብቻ ተነሣሁ፣ «አንቺ! ነይ እስቲ!» እያልኩ ግድግዳውን ተደግፌ ወጣሁ።

ማንም የለም። ጉም ብቻ። ቀዝቃዛው አየር ፊቴን ሲመታኝ በጉልበቴ ወደቅኩና አስመለስኩ፣ ትንሽ ነፍሴ ስትመለስ ዞር ብዬ አየሁ፣ በሩ እንደተከፈተ ቆሟል። ያ ለአፍታ ሲለቁት የሚዘጋ በር፣ ክንዱ እስከ ጥግ ተዘርግቶ፣ ምንም ሳይደገፍ ቆሟል።

«ቶሌ!» ብዬ ጮህኩ፣ አልመለሰም። ያኔ ነው የከሰሉ ነገር የገባኝ። ትንፋሼን ይዤ ተመልሼ ገባሁ፣ በብብቱ ይዤ፣ ከአልጋው ላይ ጥዬው፣ እየጎተትኩ አወጣሁት፣ እግሩ ደፉን ሲያልፍ በሩ ከኋላችን ቀስ ብሎ ሄደና ጠቅ ብሎ ተዘጋ።

አዴ ጫልቱ ጩኸቴን ሰምተው «ያ ዋቃዮ! ከሰሉ!» ብለው ፈጣሪን እየጠሩ ሮጠው መጡ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ጤና ጣቢያ አደረሰን፣ ኦክስጅን ተደረገለት፣ ነቃ። ነርሷ ተቆጣችን፣ የከሰል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ፍሙ ስለቀላ አይገድልም ያላችሁ ማነው፣ አለችን። ስለ ሴትየዋ ስነግራት «ጋዙ አእምሮን ያምታታል እህቴ፣ የሌለ ነገር ያሰማል» አለችኝ። ይሁን። በሩንስ ማን ያዘው? ስላት ወደ ቀጣዩ በሽተኛ አለፈች።

አዴ ጫልቱንም እዚያ ክፍል በፊት ማን ይኖር እንደነበር ጠየቅኳቸው፣ ማንም፣ ቤቱ አዲስ ነው፣ ቶሎሳ የመጀመሪያው ተከራይ ነው አሉኝ። ቶሎሳን ስጠይቀው ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል «ምንም አልሰማሁም፣ ተኝቼ ነበር» አለኝ፣ ስለ ሻሹም የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ማለልኝ፣ ማመን ስለፈለግሁ አመንኩት።

ወራት አልፈው ዝውውሩ ወደ አምቦ ተፈቀደ። ዕቃ ልናወጣ ሄድን፣ ሁሉን ጭነን ጨረስን፣ እኔ አይሱዙው ላይ ሹፌሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ፣ አዴ ጫልቱ መስኮቱ ሥር ቆመው ይመርቁኛል። ቶሎሳ «የረሳነው ዕቃ ካለ ልይ» ብሎ ተመለሰ፣ ሲቆይብኝ ወርጄ ተከተልኩት። ደጃፉ ላይ ፊቱን ወደ ባዶው ክፍል አዙሮ ቆሟል፣ በአንድ እጁ በሩን ይዟል።

«ገለቶሚ» አለ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

በኦሮምኛ አመሰግናለሁ ማለት ነው። አዴ ጫልቱን ሁልጊዜ በአክብሮት «ገለቶማ» ነው የሚላቸው፣ ገለቶሚ የሚባለው ለሚቀርቡት፣ ለአንድ ሰው ነው።

«ማንን ነው?» አልኩት ከኋላው።

ዞር ብሎ አየኝ፣ ፊቱ ቀላ፣ «ማንንም» አለኝና በሩን ለቀቀው።